ኤዱዋርድ ሩፔልና የጐንደር አውሬዎች ዓይን



በዚህ መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማውጣት ልማድ ሆኖ ቆይቷል። የሚመረጠውም ብዙውን ጊዜ ወይ ንጉሥ፥ ወይ የጦር አዝማች፥ ወይ ደራሲ ነው። እኛ ለዛሬ የመረጥነው ሰው ግን ዙፋን ያልወረሰ፥ ጦር ያልመራ፥ ቅኔ ያልተቀኘ ነው። ሥራው ማየትና ያየውን በትክክል መጻፍ ነበር። ይኸውም ከ190 ዓመታት ገደማ በፊት በስሜን ተራሮችና በጐንደር ከተማ ተዘዋውሮ፥ እረኞቻችን ዕለት ዕለት ያዩዋቸው የነበሩትን እንስሳት ወደ ዓለም የሳይንስ መዝገብ ያስገባው ኤዱዋርድ ሩፔል ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ይህን ሰው ለመምረጥ ያነሣሣን አንድ ትንሽ ክርክር ነው። ባለፈው ዕረፍት ከመካከላችን ጥቂቶቹ በፋሲል ግንብ ቅጥር ውስጥ ተቀምጠን ስንጫወት፥ አንገታቸው ላይ ነጭ ያለባቸው የደጋ እርግቦች ከግንቡ ጫፍ እየተነሡ ይበሩ ነበር። አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛችን፥ እርግብ እኛ የማናየውን ብርሃን ታያለች ብሎ ነገረን። እኛ የአርትስ ሰዎች ሳቅንበት፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ለመርታት ብለን ቤተ መጻሕፍት ገባንና እኛው ተረታን። በዚያውም ላይ ለዚያች እርግብ በ1837 የሳይንስ ስም ያወጣላት ሩፔል መሆኑን አገኘን። ከዚያ ወዲህ የሰውየው ሕይወትና የዓይን ነገር በሐሳባችን ተያይዘው ቀሩ፤ ስለዚህም ሳንለያያቸው እናቀርባቸዋለን።

ልደቱና ወጣትነቱ

ኤዱዋርድ ሩፔል ኖቬምበር 20 ቀን 1794 በጀርመን አገር፥ በፍራንክፈርት ከተማ፥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ያሰበለት የነጋዴነትን ሥራ ነበር። ቢቀበለው ኖሮ ዕድሜውን ሁሉ በምቾት ባሳለፈ፥ እኛም ስሙን ባላነሣን ነበር። ነገር ግን በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ምድር ሄዶ በረሃውንና በውስጡ የሚኖረውን ፍጥረት ባየ ጊዜ ልቡ ወደዚያው አዘነበለ። ከዚያ መልስ በጣልያን አገር በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ። ሀብታም ሰው አገር ዞሮ ማየቱ ብርቅ አይደለም፤ ሩፔልን የሚለየው ያየውን ለማወቅ ተመልሶ ከተማሪ ወንበር ላይ መቀመጡ ነው።

በዚያው በ1817 በትውልድ ከተማው የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። ሩፔል ከዚያ በኋላ የሰበሰበው የእንስሳ ቆዳና አጽም አብዛኛው የገባው ወደዚህ ማኅበር ቤተ መዘክር ነው። በ1820ዎቹ ዓመታት ባደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞ ኑቢያን፥ ኮርዶፋንን፥ የሲናን ምድርና የቀይ ባሕርን ዳርቻ አጥንቶ በ1827 ተመለሰ። ሙቀቱና በሽታው ብዙ መንገደኛ በቀጠፈበት በዚያ ዘመን፥ አንዴ በሕይወት የተመለሰ ሰው ሁለተኛ አይሄድም ይባል ነበር። እርሱ ግን ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ እንደገና ተነሣ። የሁለተኛው ጉዞ መድረሻ የኛ አገር ነበረች።

በስሜንና በጐንደር

ሩፔል ምጽዋ የደረሰው በ1831 ነው። አብሮት ቴዎዶር ኤርክል የሚባል፥ እንስሳትን አድኖ ቆዳቸውን የሚያሰናዳ የአገሩ ሰው ነበር። ወደ ደጋው የወጡት በ1832 ሲሆን፥ ትግሬን አቋርጠው፥ ተከዜን ተሻግረው፥ የስሜንን ገደል ወጡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ስሜንንና ትግሬን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይገዙ ነበር፤ በበጌምድር ደግሞ በ1831 እንደራሴነቱን የያዙት ራስ ዓሊ ነበሩ። በጐንደር ቤተ መንግሥት ንጉሥ የሚባል ሰው ቢኖርም ሥልጣኑ ከግቢው አጥር አያልፍም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንገደኛ ከአንዱ ገዥ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር መማለጃ መስጠት፥ ደጅ መጥናትና መታገሥ ነበረበት። ሩፔልም በበቅሎ ጭነት የሚያስኬደው ወርቅ ሳይሆን ቆዳ፥ አጽምና መጽሐፍ መሆኑን ለኬላ ጠባቂ ማስረዳት ምን ያህል እንዳስቸገረው ለመገመት አያዳግትም።

የስሜን ደጋ ከሌላው ምድር ሁሉ የተለየ ነው። ራስ ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ጉም ከእግሩ በታች ሲሄድ ያያል። እንዲህ ባለው ተራራ ላይ የሚኖሩት እንስሳት ከሌላው ዓለም ተለይተው ብዙ ዘመን የኖሩ ናቸውና በሌላ ስፍራ የማይገኙ ሆነዋል። ሩፔል የደረሰው እንዲህ ካለ ጎተራ ደጃፍ ነው።

ከዚያ ወደ ጐንደር ወርዶ እስከ 1833 ድረስ ተቀመጠ። ጐንደር በዚያን ጊዜ የነገሥታቱ ክብር ቢለያትም የሊቃውንት ከተማነቷ አልቀረም ነበር። ከእነዚህም ሊቃውንት አንዱ፥ በዚያ ዘመን ለመጡ የውጭ አገር እንግዶች ወዳጅ የነበሩት ሊቅ አጽቁ፥ በታሪክ መጻሕፍት ረገድ ሩፔልን ረድተውታል። ሩፔል የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት በኋላ ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። አውሬ አዳኝ የነበረው ሰው የመጽሐፍም ወዳጅ ነበር፤ እኛ ዛሬ በሁለት ፋኩልቲ ከፍለን የምንማረውን እርሱ በአንድ ድንኳን ሥር ይዞት ነበር።

ከደምቢያ ሜዳና ከጣና ሐይቅም ብዙ ነገር አገኘ። በደምቢያ ገበሬው በማሳው ውስጥ የአፈር ቁልል ሲያይ የሚራገመውን ፍልፈል በ1835 ገልጾ ጻፈ። ከጣና ዓሣዎችም በርከት ያሉትን ለሳይንስ አስታወቀ።

የሩፔልን አንድ መልካም ልማድ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባናል። ለአዲስ እንስሳ ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የአገሩን ሰው ስም ሳይለውጥ ይወስድ ነበር። የዋልያ የሳይንስ ስም ከአማርኛው ከዋልያ የመጣ ነው። ጭላዳን ገላዳ ብሎ ጻፈው፤ ዓለም ሁሉ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራዋል። በሶ የሚባለውም የጣና ዓሣ በሶ እንደ ተባለ በላቲን መዝገብ ገብቷል። በሌላ ወገን ደግሞ ከደጋችን አንዱን ቆቅ በባልደረባው በኤርክል ስም ሰየመው። እንግዲህ የኤርክል ስም በቆቁ ላይ ሲኖር፥ ዋልያን ዋልያ፥ በሶን በሶ ብለው የነገሩት አዳኝና ታንኳ ቀዛፊ ግን ቃላቸው እንጂ ስማቸው አልቀረም። ይህን የምንለው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚያስቀር የሚወስነው ራሱ ጸሐፊው መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

መጽሐፉ

ሩፔል በ1834 ወደ አገሩ ተመልሶ ያመጣውን ሁሉ መርምሮ ማሳተም ጀመረ። ከ1835 እስከ 1840 በክፍል በክፍል ያወጣው ታላቅ ሥራው በአበሻ ምድር ስለሚገኙ አዳዲስ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የሚናገር ነው። ዋልያና ጭላዳ በ1835፥ ምንቃረ ትልቁና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት የደጋ ቁራ በ1836፥ ቀይ ቀበሮ በ1840 የሳይንስ ስማቸውን አገኙ። የጉዞው ታሪክም ከ1838 እስከ 1840 በሁለት ጥራዝ ወጣ። በ1839 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

የጀርባ አጥንት ያላቸው የሚለውን ቃል አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን። ዓሣው፥ ቁራው፥ ፍልፈሉ፥ ቀበሮው፥ ዋልያውና ጭላዳው መልካቸው ምንም ቢለያይ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሩፔል ቆዳቸውን፥ ጥርሳቸውንና ቀንዳቸውን ለካ። የዳርዊን መጽሐፍ የታተመው በ1859 ስለሆነ፥ እርሱ በሚጽፍበት ጊዜ የዝርያዎች አዝጋሚ ለውጥ ገና የታወቀ ትምህርት አልነበረም። ስለዚህ በእጁ ካሉት እንስሳት ዓይን ውስጥ የ500 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ተጽፎ እንደነበረ ሊያነብ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ግን ይነበባል፤ እኛም የሳይንስ ጓደኞቻችንን እየጠየቅን ያነበብነውን እነሆ እንላለን።

የዓይን ነገር

ዓይን ከኋላ ግድግዳው ላይ ሬቲና የሚባል ስስ መጋረጃ አለው። በዚህ መጋረጃ ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። አንዱ ዓይነት ቅርጹ በትር ይመስላል፤ ሥራውም በጨለማና በድንግዝግዝ ማየት ነው። ሁለተኛው ሾጣጣ ነው፤ ሥራው በቀን ብርሃን ማየትና ቀለም መለየት ነው። በአንድ የሰው ዓይን ውስጥ በትሮቹ ወደ 120 ሚሊዮን፥ ሾጣጣዎቹ ወደ 6 ሚሊዮን ይደርሳሉ።

በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ኦፕሲን የሚባል ፕሮቲን አለ። አሠራሩን ለመረዳት እረኛ ለቆቅ የሚያጠምደውን ወጥመድ ማሰብ ይበቃል። እረኛው ቀጭን እንጨት አጉብጦ ያስራል፤ ቆቋ ስትነካው እንጨቱ ይፈናጠራል፤ ወጥመዱም ይዘጋል። በኦፕሲንም ውስጥ ሬቲናል የሚባል፥ ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ፥ የጐበጠ ትንሽ ነገር ተጠምዶ ይቀመጣል። ብርሃን ሲነካው ይቃናል፤ እርሱ ሲቃና ኦፕሲኑ ቅርጹን ይለውጣል።

ከዚህ በኋላ መልእክቱ በትልቅ ግቢ ውስጥ እንዳለ ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የነቃው ኦፕሲን ትራንስዲዩሲን የሚባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ ያውም አንዱን ብቻ ሳይሆን ብዙውን። ትራንስዲዩሲኑ ደግሞ ፎስፎዳይስተሬዝ የተባለውን ኤንዛይም ያስነሣል። ይህ ኤንዛይም የሴሉን በር ከፍቶ የያዘውን ንጥረ ነገር እየቆራረጠ ያጠፋል፤ በሩ ይዘጋል፤ የሴሉ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ ወሬውም ወደ አንጐል ይሄዳል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት በጨለማ ውስጥ ልትሰማ የምትችለው ከእርከን እርከን ስለምትባዛ ነው።

ነገር ግን የተፈናጠረ ወጥመድ መልሶ ካልተጠመደ ሁለተኛ ቆቅ አይዝም። የተቃናውን ሬቲናል መልሶ የሚያጐብጠው አር. ፒ. ኢ. 65 የሚባል ኤንዛይም ነው፤ እርሱም የሚገኘው ከሬቲናው ጀርባ ባለው የጥቁር ሴሎች ንጣፍ ውስጥ ነው። እንግዲህ ከሴል ወደ ሴል የሚያመላልስ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው አይ. አር. ቢ. ፒ. የሚባል ፕሮቲን ነው። በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከባክቴሪያ ወደ ጥንታዊ አያቶቻችን የገባ ነው። በባክቴሪያው ውስጥ ሥራው ፕሮቲን መቆራረጥ የነበረው ኤንዛይም፥ በዓይን ውስጥ ሲገባ ጭነት አመላላሽ ሆነ። ዓይናችን ከትንሿ ነፍሳት የተበደረው ዕዳ አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሩፔል እንስሳት እንመለስ። የጀርባ አጥንት ያላቸው የጥንት አያቶች፥ መንጋጋ ያለው ዓሣ ገና ሳይገኝ፥ አራት ዓይነት የሾጣጣ ኦፕሲንና አንድ የበትር ኦፕሲን እንደነበራቸው ዛሬ ታውቋል። ወፎች ይህን ርስት ሳያጠፉ ጠብቀዋል። የፋሲል ግንብ እርግብና የስሜን ቁራ አራቱንም ዓይነት ሾጣጣ ይዘዋል፤ ጓደኛችን እንዳለውም እርግብ ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን፥ ለኛ ጨለማ የሆነውን ብርሃን ታያለች።

ዓሣው ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። በደፈረሰ የወንዝና የሐይቅ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ወደ ቀይ ያዘነበለ ብርሃን ነው። ስለዚህ ብዙ የጨው አልባ ውሃ ዓሣዎች ቫይታሚን ኤን በአንድ ኤንዛይም ጥቂት ለውጠው ይጠቀሙበታል፤ ዓይናቸውም ወደ ቀዩ ብርሃን ይዞርላቸዋል። ይህን ኤንዛይም ለይቶ ያወጣው ጥናት በ2015 ታተመ።

ወደ አጥቢ እንስሳት ስንመጣ ታሪኩ የመጥፋት ታሪክ ነው። በዳይኖሰሮች ዘመን አያቶቻቸው ቀን ተደብቀው ሌሊት የሚወጡ ትናንሽ እንስሳት ነበሩ። በሌሊት ቀለም አይጠቅምምና ያልተሠራበት ርስት ጠፋ፤ ከአራቱ የሾጣጣ ኦፕሲኖች ለአብዛኞቹ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የውሻ ወገንና የፍየል ወገን እስከ ዛሬ በሁለት ናቸው። ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ቀይ መሆኑን እኛ እንጂ ዘመዱ ቀበሮ እንደኛ አያየውም። ነገር ግን በጠፋው ፈንታ ሌላ አግኝተዋል። ሌሊት በችቦ ብርሃን የእንስሳ ዓይን ሲያበራ ያላየ የባላገር ልጅ የለም። ይህ ከሬቲናው ጀርባ ያለ መስተዋት መሰል ንጣፍ ያለፈውን ብርሃን መልሶ ሲልከው ነው። የፍየል ወገን ደግሞ ብሌኑ አግድም የተሰነጠቀ ስለሆነ ግራ ቀኙን በሰፊው ያያል፤ ሣር ለመጋጥ ሲያቀረቅርም ዓይኑ በጉድጓዱ ውስጥ ተሽከርክሮ ስንጥቁ ከምድሩ ጋር ትይዩ እንደሆነ ይቆያል። በገደል አፋፍ ለሚውለው ለዋልያ ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ስሜንን ያየ ይፈርዳል።

የደምቢያው ፍልፈል ወደ ጨለማ የበለጠ ገፋ። ዓይኖቹ ትናንሽ ናቸው። የሥጋ ዘመዱ የሆነ አንድ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚኖር ፍልፈል ከዚህም ብሶ ዓይኑ ከቆዳው በታች ተቀብሮ ጭራሽ ታውሯል። የሚያስደንቀው ግን በተቀበረው ዓይን ውስጥ ኦፕሲኖቹ አሁንም መሥራታቸው ነው። ምስል ባያይም በእነርሱ ቀንና ሌሊትን ይለያል። ዓይን ታወረ እንጂ ብርሃን መቀበልን አልተወም።

ጭላዳ በመጨረሻው ላይ ይመጣል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎችና የኛም አያት በሆነ እንስሳ ውስጥ የረጅሙ ብርሃን ኦፕሲን ዘረ መል ሁለት ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ጥቂት ተለውጦ ወደ አረንጓዴው ሲያዘነብል ሌላው በቀዩ ወገን ቀረ። የጠፋው ርስት በሙሉ ባይመለስም ሦስተኛ ዓይነት ተገኘ። እኛ በርበሬ ቀልቶ ከአረንጓዴው ቃርያ የምንለየው በዚህ ነው። ጭላዳም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ የደረቱን ቀይ ራቁት ቆዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተደርጎ በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ የቤተሰብ አለቃ የሆኑት ወንዶች ደረታቸው ከሌሎቹ ይልቅ የቀላ ነው። ቀዩን የሚያይ ዓይን ባይኖር ኖሮ ያ ቀይ ደረት ለማን ይታይ ነበር?

ሩፔል ስለ ዓይን አንድ መጽሐፍ ሳይጽፍ፥ ከአንድ ክፍለ ሀገር ብቻ የዓይንን ታሪክ ምዕራፎች ሁሉ ሰብስቦ እንደሄደ አንባቢ እዚህ ላይ ይመለከታል።

ዳፍንት

እስካሁን ያልነው የአውሬ ወሬ ነው ብሎ የሚያልፈን እንዳይኖር አንድ ነገር እንጨምር። በባላገር ያደግን ሁሉ ዳፍንት የያዘው ሕፃን እናውቃለን። ቀን ደህና ሲጫወት ይውላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ከደጃፉ ላይ ይደናቀፋል፥ ምጣዱን ከመደቡ አይለይም። ሰው ዛር ነው፥ ቡዳ ነው ይላል። ነገሩ ግን ከላይ የተናገርነው ወጥመድ ነው። ሬቲናል የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ስለሆነ፥ ቫይታሚኑ ከምግብ ሲጠፋ ወጥመዱ የሚጠመድበት እንጨት ይታጣል፤ መጀመሪያ የሚቸገሩትም የሌሊቱ በትሮች ናቸው። ዝም ከተባለ የዓይኑ ብርሌ ይደርቃል፥ ይቆስላል፥ ለዘለቄታው ይታወራል።

ለዳፍንት ጉበት ማዘዝ ከጥንት ግብፃውያን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነውና መድኃኒቱ ልክ ነበር። ጉበት ለማይገኝለት ጎመን፥ ካሮትና ዱባ አሉ። በእነዚህ ውስጥ ያለውን ቀለም በአንጀታችን ያለ ኤንዛይም ከመካከሉ ሰንጥቆ ሬቲናል ያወጣበታል። በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ እንክብል የሚታደለው ስለዚሁ ነው። በጐንደር በ1954 የተቋቋመውና ኋላ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅም የጤና መኰንኖችን ያሠለጠነው እንዲህ ያለውን ዕውቀት ወደ ባላገሩ ለማድረስ ነው። ዕውቀቱ አለ፤ የሚቀረው ሳይንሱን በእናቶች ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ከጤና ተማሪው ይልቅ ቋንቋ ለምንማረው ለኛ ሳይቀርብ አይቀርም።

እርጅናውና ሞቱ

ሩፔል ረጅም ዕድሜ ሰጥቶታል። በ1845 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች በሥርዓት የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ። የአሮጌ ገንዘብም ጥናት ይወድ ነበር። በስሙ የሚጠራው ታላቁ ጥንብ አንሣ አሞራ በደጋችን ሰማይ ላይ ያንዣብባል፤ በ1973 ከነዚሁ አሞሮች አንዱ በምዕራብ አፍሪካ ከ11,000 ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ የወፍ ሁሉ የከፍታ ክብረ ወሰን ሆኗል።

በ1876 ፍራንስ ቦል የተባለ የአገሩ ሰው በእንቁራሪት ሬቲና ውስጥ በብርሃን የሚለቅ ወይነ ጠጅ መሰል ቀለም አገኘ። ይኸውም ዛሬ ሮዶፕሲን የምንለው የበትሮቹ ቀለም ነው። ሩፔል ያን ጊዜ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ቫይታሚን ኤ በሬቲና ውስጥ መኖሩን ጆርጅ ዋልድ ያገኘው በ1933 ሲሆን፥ በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኖበታል። ሩፔል ይህን ሳያይ ዲሴምበር 10 ቀን 1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ ሞተ። አንድ ሰው ይሰበስባል፥ ሌላው ይመረምራል፥ ሦስተኛው ይተረጕማል፤ የዕውቀት ርስት እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል።

ለኛ የሚቀረው

ስለዚህ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል የወሰደው ብራናና ቆዳ የኛ ነበር፤ የጐንደርን መጽሐፍ ለማንበብ ወደ ፍራንክፈርት መሄድ ያሳዝናል። በሌላ በኩል ያወቀውን አልደበቀም፤ ለማንም እንዲነበብ አሳተመው፥ የእንስሳቱንም ስም ከኛ አፍ ወስዶ በኛ ቃል አኖረው። እኛን የሚያሳፍረን እርሱ መውሰዱ ሳይሆን፥ እርሱ ከሄደ በኋላ እኛ ሳናይ መቆየታችን ነው። እረኛው ዋልያ የትኛው ገደል ላይ እንደሚያድር፥ ጭላዳ በምን ድምፅ ልጁን እንደሚጠራ፥ ፍልፈል በየትኛው ወር አፈር እንደሚያወጣ ያውቃል። ሩፔልም የጠየቀው እርሱን ነው። እኛ በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ ስንቶቻችን ጠይቀነው እናውቃለን?

የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 ከዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ዋልያ በዱር የሚኖረው በዚያ ተራራ ብቻ ነው። የቀይ ቀበሮም ቁጥር በመላው አገራችን ቢቈጠር 500 ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። እነዚህ ቢጠፉ የሚቀርልን ሩፔል ያስቀመጠው ነገር ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጆቻችን የአገራቸውን አውሬ ለማየት የፍራንክፈርትን ቤተ መዘክር ደጅ ሊጠኑ ነው። በዚያም የሚያዩት ቀንዱንና ጠጕሩን ነው። ቆዳ አዘጋጅ ለአውሬው የሚያደርግለት ዓይን የብርጭቆ ነውና፥ ይህን ሁሉ የተናገርንለት ዓይን ከዚያ አይገኝም።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ለመጪው ዕረፍት ወደ ደባርቅና ወደ ደምቢያ የምትሄዱ ሁሉ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ያዙ። የሳይንሱ ተማሪ ይቍጠር፥ የአርትሱ ተማሪ ይጻፍ። የነገራችሁንም እረኛ ስም ከነአባቱ መመዝገብ አትርሱ።